ነጋሪት፣ ግብርና ሞንታርቦ

አርብ ገበያ ቀኗን በስሟ ይዛ የምትኖር ከተማ ናት። በመንግሥት መዝገብ የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ተብላ ትታወቃለች፤ ገበሬው ግን የሚያውቃት በጽሕፈት ቤቶቿ ሳይሆን በአርቧ ነው። በዚያ ቀን ደገኛው ገብሱንና በጉን፣ ቆለኛው ጤፉንና ማሽላውን ይዞ ይገናኛል። የስማዳውም፣ የእስቴውም፣ የላይ ጋይንቱም ሰው ጎራ ይላል። የሚሸመተው ደግሞ እህልና ጨው ብቻ አይደለም። ማን እንደ ሞተ፣ ማን እንደ ተሾመ፣ ማን ከማን ጋር እንደ ተካሰሰ፣ ማዳበሪያው ስንት እንደ ገባ፣ ሁሉም በዚያው ቀን ከአፍ ወደ ጆሮ ይዞራል። ሳምንቱን ሙሉ በየጎጡ ተበታትኖ የሚከርመውን ሕዝብ አንድ ላይ ለማግኘት የሚፈልግ ሰው ከአርብ የተሻለ ቀን የለውም።

ይህን የማነሣው የገበያ ወግ ለማውጋት አይደለም። ስለ ምርጫ ማስታወቂያ ወጪ ልጽፍ ብዬ ነው። አንድ ፓርቲ ወይም አንድ ዕጩ ራሱን ለማስተዋወቅ ምን ያህል ገንዘብ ያውጣ? ገንዘቡንስ ከማን ይቀበል? ሒሳቡን ማን ይመርምረው? ጥያቄው አዲስ አበባ ላይ ሲነሣ ወሬው ሁሉ ስለ ቴሌቪዥን ደቂቃና ስለ ጋዜጣ ዓምድ ይሆናል። እኔ ግን ነገሩን ከአርብ ገበያ ቆሜ ማየት መረጥሁ። ከዚያ ሲያዩት የአገራችን የምርጫ ሕግ አንድ ጠባይ ጎልቶ ይታያል፤ ብሩ ከየት እንደ ገባ አጥብቆ ይጠይቃል፣ በምን መልክ እንደ ወጣ ግን እምብዛም አይጠይቅም። ከሁሉ የከበደው ወጪ ደግሞ በብር መልክ የሚወጣው አይደለም። ይህ ጠባይ ትናንት የተፈጠረ ስላልሆነ ከራቅ ካለው ዘመን ልጀምር።

ለዚህ አገር የፖለቲካ ማስታወቂያ ከሰማይ የወረደበት ጊዜ አለ። ወሩ መጋቢት፣ ዘመኑ 1922 ዓ.ም. ነው። የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ፣ የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ የቀድሞ ባል፣ ከንጉሥ ተፈሪ ጋር ተጣልተው ጦራቸውን ይዘው ወደ ምሥራቅ ተንቀሳቀሱ። ከጋይንት ብዙም በማይርቀው በአንቺም መጋቢት 22 ቀን ውጊያው ሲደረግ ራስ ጉግሣ ወደቁ። በሁለተኛው ቀን ንግሥቲቱ ዐረፉ። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙም የማይወራለት ግን ከጥይቱ በፊት የመጣው ነገር ነው። ከአዲስ አበባ የተላከ አውሮፕላን በራስ ጉግሣ ሠራዊት ላይ ወረቀት በተነ። በወረቀቱ ላይ ራሱን ለንጉሡ ያላስገዛ እንደሚወገዝ የሚያስታውቅ የቤተ ክህነት ቃል ታትሞበት ነበር። ቦምቡ የመጣው ከወረቀቱ በኋላ ነው። የመንግሥቱ ጦር አውሮፕላንን በውጊያ ላይ ሲያውል ያ የመጀመሪያው ነበር።

ጦርነት ምርጫ አይደለም፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ያ ወረቀት እስከ ዛሬ በምርጫ ሕግ የሚያከራክረንን ሁሉ በአንድ ቅጠል ላይ ይዞ ነበር። ከሁለቱ ተቀናቃኞች አንዱ ብቻ ማተሚያ ቤት ነበረው፣ አንዱ ብቻ አውሮፕላን ነበረው፣ ጳጳሱም ከአንዱ ወገን ነበሩ። አውሮፕላኑ የንጉሡ የግል ንብረት ነው ወይስ የመንግሥት? ነዳጁስ ከማን ሒሳብ ወጣ? እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሰው ስለ መኖሩ አልሰማሁም። ጠያቂ ቢኖርም ቋንቋው ራሱ ባላገዘው። ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ የሚለው ተረት በአንቺም ሰማይ ላይ ቃል በቃል ተፈጸመ።

ቋንቋው ባላገዘው ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በአማርኛ «ግብር» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ነው። ገበሬው ለገዥው የሚያገባው ግብር ነው። ገዥው በአዳራሹ ለሠራዊቱና ለባለሟሉ የሚያበላው ድግስም ግብር ነው። ይከፈላልም፣ ይበላልም። የሚከፈለውና የሚበላው አንድ ስም መያዛቸው የቃላት ድህነት አይመስለኝም፤ የአሠራሩ ትክክለኛ ሥዕል ነው። ከገበሬው ጎተራ የወጣው ማርና ሰንጋ በመኳንንቱ አዳራሽ ጠጅና ብርንዶ ሆኖ ይቀርባል፤ የበላው ሰው ግን የሚያመሰግነው ገበሬውን ሳይሆን አብዪውን ነው። በዚያ ላይ በጌምድር የአዝማሪ አገር ነው። አዝማሪው በግብሩ ላይ የጌታውን ስም እያነሣ ያሞግሳል፤ ሙገሳው በማግሥቱ በየጠጅ ቤቱና በየገበያው ይዞራል። ለዚያ ሙያው ሽልማት ይቀበላል። እንግዲህ ድግሱን፣ አዝማሪውንና አዋጅ የሚያስነግረውን ነጋሪት ደምሩት። ዛሬ ባለሙያዎች የምርጫ ዘመቻ የሚሉት ነገር ምርጫ ባልነበረበት አገር ሙሉ ለሙሉ ነበረ። ያልነበረው ሁለት ነገር ነው፤ ተፎካካሪና ደረሰኝ።

ምርጫ ራሱ ዘግይቶ መጣ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ እንደራሴዎቹን መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት እንዲመርጡለት ደነገገ። ሕዝብ ካልመረጠ ለሕዝብ ማስታወቂያ መንገርም የለምና በዚያ ዘመን ስለ ወጪ ማውራት ዋጋ የለውም። ነገሩ የተለወጠው በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥትና ተከትሎት በወጣው የምርጫ ሕግ ነው። ወንዱም ሴቱም እንዲመርጥ ተፈቀደ። በ1950 ዓ.ም. መባቻ የመጀመሪያው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምርጫ ተካሄደ፤ ከዚያ በኋላም እስከ 1965 ዓ.ም. በየአራት ዓመቱ ቀጠለ። በበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ውስጥ የነበረው የጋይንት አውራጃም እንደሌላው እንደራሴዎቹን ወደ አዲስ አበባ ላከ።

ያ ሕግ ስለ ገንዘብ የጠየቀው ጥያቄ አስገራሚ ነው። ዕጩው ምን ያህል እንደሚያወጣ ሳይሆን ምን ያህል እንዳለው ነበር የሚጠይቀው። በምርጫ ክልሉ ውስጥ 1000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2000 ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት የሌለው ሰው መወዳደር አይችልም ነበር። ፓርቲ የሚባል ነገር ስላልተፈቀደ እያንዳንዱ ዕጩ ዘመቻውን የሚያካሂደው ከገዛ ኪሱና ከዘመዶቹ ኪስ ነው። ጋይንትን በመሰለ የርስት አገር ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ከቅድመ አያቱ የወረደ የመሬት ድርሻ ያለው ገበሬ ሞልቷል። ግን ርስት እንደ ሸቀጥ ገበያ ስለማይወጣ ይህን ያህል ብር ያወጣል ብሎ ለመተመን ያስቸግራል። ስለዚህ በጥሬ ብር የሚመነዘር ሀብት ያለው፣ ማለት ነጋዴው፣ ደመወዝተኛውና ባላባቱ፣ ከበሩ ላይ ቀዳሚ ሆኖ ይቆማል። ሕጉ ሀብታም የሆነውን መርጦ አስገባና ሀብቱን እንዴት እንደሚጠቀምበት ለራሱ ተወለት። ግብር በማብላት ላደገ ሰው ደግሞ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው።

እዚህ ላይ ለጥቂት ጊዜ ወደ እንግሊዝ አገር ልሻገር፤ ምክንያቱም እነሱም የድግሱን በሽታ ታመው ያውቃሉ። በ19ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ዕጩዎች መራጩን በመጠጥ ቤት ሰብስበው ማብላትና ማጠጣት፣ በሠረገላ ማመላለስ ደንበኛ ሥራቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1872 የድምፅ አሰጣጡ ምስጢራዊ ሆነ፤ ድግሱ ግን አልቀረም። ብርቱው መድኃኒት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1883 በወጣው ሕግ ነው። ሕጉ ለእያንዳንዱ ዕጩ በምርጫ ክልሉ መራጮች ብዛት የተሰላ የወጪ ጣሪያ አበጀ። ከዚያም በላይ ዕጩው አንድ የምርጫ ወኪል እንዲሾም፣ ገንዘብ ሁሉ በዚያ ሰው እጅ እንዲወጣ፣ ሒሳቡም በጽሑፍ እንዲቀርብ አስገደደ። ከጣሪያው በላይ ያወጣ ሰው ቢያሸንፍም ወንበሩን ሊያጣ ይችላል። ለእኔ ከጣሪያው ይልቅ የሚበልጠው ወኪሉ ነው። ወጪው ሁሉ የሚያልፍበት አንድ በር አገኘና ቆጣሪ ቆመበት።

አሜሪካኖች በበኩላቸው ሌላ መንገድ ይዘዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1976 ዕጩ የሚያወጣውን ገንዘብ መገደብ የመናገር ነፃነትን መገደብ ነው ብሎ ጣሪያውን አነሣው፤ ለዕጩ የሚሰጠውን መዋጮ መገደብ ግን ይቻላል አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት በራሳቸው ስም ያለ ገደብ ለምርጫ ማስታወቂያ እንዲያወጡ ፈቀደ። አንዱ ወጪውን ቆጠረ፣ ሌላው ገቢውን። እኛም ሳናስበው ወደ ሁለተኛው የቀረብን ይመስለኛል፤ በእነሱ ምክንያት ግን አይደለም።

ስለ ደርግ ዘመን ብዙ የሚባል የለም። ሰኔ 7 ቀን 1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ሕዝቡ ሲወጣ ሕጋዊው ፓርቲ ኢሠፓ ብቻ ነበር። ቀስቃሹ የገበሬ ማኅበሩና ቀበሌው፣ አዳራሹ የመንግሥት፣ መኪናው የመንግሥት፣ ራዲዮኑም የመንግሥት ነው። የፓርቲውን ወጪ ከመንግሥቱ በጀት ለይቶ የሚያወጣ የሒሳብ ሠራተኛ ቢፈለግ አይገኝም ነበር። ግብር አሁንም ያው ግብር ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ብዙ ፓርቲ በሕግ ታወቀ። በ1985 ዓ.ም. የፓርቲዎች መመዝገቢያ አዋጅና የምርጫ ሕግ ወጡ። በ1987፣ በ1992 እና በ1997 ዓ.ም. አጠቃላይ ምርጫዎች ተካሄዱ። ከእነዚህ ሁሉ አገር ያነቃው የ1997ቱ ነው። ያን ጊዜ የተለየ የሆነው ገንዘብ በዝቶ አልነበረም። ክርክሩ በራዲዮና በቴሌቪዥን በቀጥታ መተላለፉ ነው። በመንግሥት የመገናኛ ብዙኃን በነፃ የተሰጠው ሰዓት ለተቃዋሚው በሚሊዮን ብር የማይገዛ ማስታወቂያ ሆነለት። ገበሬው ራዲዮኑን በየደጁ ከብቦ ሰማ። ሚያዝያ 29 ቀን ኢሕአዴግ፣ በማግሥቱ ሚያዝያ 30 ቀን ቅንጅት መስቀል አደባባይን ሞሉት። ሁለቱ ሰልፎች በየበኩላቸው ስንት እንደ ፈጁ የታተመ ሒሳብ አላየሁም።

ከዚያ ምርጫ በኋላ የመጣው ሕግ ግን ገንዘብን በዝርዝር ነካ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፓርቲዎች አዋጅ ቁጥር 573 የገቢ ምንጮቹን ቆጥሮ አስቀመጠ፤ የአባላት መዋጮ፣ የኢትዮጵያውያን ስጦታ፣ የመንግሥት ድጋፍ። የተከለከሉትንም ቆጠረ። ከውጭ አገር መንግሥትና ከውጭ ዜጋ፣ ከሃይማኖት ድርጅት፣ ከበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ስሙ ካልታወቀ ሰጪ መቀበል አይቻልም። ፓርቲ መነገድም አይችልም። የውጭ ዜጋ የሚለው ቃል በዋሽንግተንና በለንደን ለሚኖሩት ወንድሞቻችን ቀላል ቃል አይደለም። ሕጋችን ሁለት ዜግነት ስለማይፈቅድ ፓስፖርቱን የለወጠ የጋይንት ልጅ ለአገሩ ልጅ ዕጩነት ሁለት መቶ ብር ለመላክ ቢፈልግ በአዋጁ ዓይን ባዕድ ነው። በአንጻሩ እንደ ጥረት ያሉ በሕግ ስማቸው የፓርቲ ንብረት ያልሆኑ፣ በአመሠራረታቸው ግን ከብአዴን ጋር የተቆራኙ ድርጅቶች በክልሉ ውስጥ በሰፊው ይነግዱ ነበር። በሩ ላይ ዘበኛ ቆሟል፤ ግን አንዳንድ ሰው መጀመሪያውኑ ቤት ውስጥ ነበረ።

የወጪው በኩል በሒሳብ መዝገብ፣ በውጭ ኦዲተርና ለምርጫ ቦርድ በሚቀርብ ሪፖርት ታለፈ። ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን በጋይንት ምድር ያደገ ሰው ምስክርነት ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተ ልሔም የምትገኘው እዚያው ነው። ተማሪው ድጓውን የትም ይማረው፣ መምህር ለመባል ቤተ ልሔም ወርዶ ዜማውን በጆሮ በሚያውቁት ፊት ማሰማት አለበት። የፓርቲው ሪፖርት ግን አዲስ አበባ የሚነበበው ዜማውን ባልሰማ ሰው ነው። መኪናው አርብ ገበያ ገብቶ ሲያስጮህ የዋለውን የሰማው ገበሬ ለምስክርነት አይጠራም።

አሁን ወደ ገበያው ልመለስ፤ የዚህ ጽሑፍ ሆድ እሱ ነውና። የምርጫ ሕጎቻችን ቅስቀሳ የማይደረግባቸውን ቦታዎች ይዘረዝራሉ። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ፣ የጦር ካምፕና ፖሊስ ጣቢያ፣ ትምህርት እየተሰጠ ያለበት ትምህርት ቤት ዙሪያ ይገኙባቸዋል። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፣ አልከራከርም። በዚያው ዝርዝር ውስጥ ግን ሕዝቡ የተለመደ ገበያውን የሚያካሂድበት ሥፍራም አለ። የሕጉ አርቃቂ ያሰበው መገበያየቱ እንዳይታወክ ይሆናል። ስሟ ራሱ ገበያ በሆነች ከተማ ሲታይ ግን ክልከላው ሌላ መልክ ይይዛል። ሕዝቡ ያለ ማንም አበል፣ ያለ ማንም መኪና በራሱ እግር የሚሰበሰብበት አንድ ቀን አለ፤ ዕጩው በዚያ ቀን በዚያ ቦታ ዝም ይበል ተባለ። ስለዚህ ሕዝቡን ለማግኘት ወደየቀበሌው መሄድ ግድ ይሆናል፤ መሄድ ደግሞ ገንዘብ ነው። ይህ አንቀጽ ስለ ገንዘብ አንድ ቃል አይናገርም። ለገጠር ዕጩ ግን ከማናቸውም የበለጠ የወጪ ሕግ እሱ ነው፤ ያውም ወጪውን የሚቀንስ ሳይሆን የሚያስወድድ።

ይህን ነገር ከስድስተኛው ምርጫ በኋላ እዚያው አገር ጠላ ቤት ተቀምጬ ከሦስት አረጋውያን ጋር አንሥቼ ነበር። አዋጁን በቁጥሩ አያውቁትም። ወጪውን ግን ከእኔ ይልቅ አጥርተው ያውቁታል። በደረቅ ወራት አንድ ሰው ከከተማው ተነሥቶ ወደ በሽሎ ቆላ ለመውረድ አንድ ቀን፣ ለመውጣት ከዚያ የባሰ ቀን ያስፈልገዋል። እዚያ ሲደርስ የሚያሳድረው ዘመድ ከሌለው ማደሪያ ይፈልጋል። ሰው ለመሰብሰብ አስቀድሞ የሚያስነግር ልጅ ይልካል፤ ልጁ ከእርሻው ቀርቶ ነውና የቀኑን ይጠብቃል። ሞንታርቦ ቢከራይ ጄኔሬተር ይከተላል፣ ጄኔሬተሩ ቤንዚን ይላል፣ ሁለቱን የሚሸከም መኪና ይመጣል። መኪናው መንገድ እስካለው ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አህያ ነው። በራሪ ወረቀትና ፖስተር ለማሳተም ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር መድረስን ደግሞ እኔ ጨመርኩበት። አንደኛው አዛውንት የነገሩኝ ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። የመንግሥት ሰው ከሆነ እኮ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፣ ስለ ማዳበሪያ ስብሰባ ይጠራና በመጨረሻው ላይ ሁለት ቃል ጣል ያደርጋል፤ እሳቸው ያሉኝ በዚህ መንፈስ ነው።

እነዚያ ሁለት ቃላት ስንት ያወጣሉ? የመንግሥት ሠራተኛው የቀን ደመወዝና አበል፣ የመኪናው ነዳጅ፣ የአዳራሹ ኪራይ፣ የተሰብሳቢው የጠፋ የሥራ ቀን ተደምሮ ለአንድ ስብሰባ ብቻ የአንድ ተቃዋሚ ዕጩ የወር ወጪ ሊሆን ይችላል። በየትኛውም የፓርቲ ሒሳብ ላይ ግን አይመዘገብም፤ የማዳበሪያ ስብሰባ ነዋ! በ2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤት መቀመጫዎች ቁጥር 3.6 ሚሊዮን ገደማ ሲደርስ፣ ቆይቶም የአንድ ለአምስት አደረጃጀት በየመንደሩ ሲዘረጋ፣ ገዥው ፓርቲ በየደጃፉ ደመወዝ የማይከፈለው ቀስቃሽ አገኘ። ለተፎካካሪው ይህን የሚያህል መረብ በገንዘብ ይግዛ ቢባል የአገሪቱ ፓርቲዎች ሁሉ ካዝና ተደምሮ አይበቃውም።

ከዚህም የከፋ አለ። ታች ጋይንት ዝናብ የሚጎድለው፣ ብዙ ቤተሰብ ሴፍቲኔት የሚጠብቅ ወረዳ ነው። በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ ሂዩማን ራይትስ ዎች በአገሪቱ ዕርዳታና የመንግሥት አገልግሎት ለፖለቲካ ድጋፍ መግዣ ውሏል የሚል ዘገባ አወጣ። መንግሥት አስተባበለ። ዘገባውን እንዳለ መቀበል ግድ አይደለም፤ ለስንዴ ተራ የሚጠብቅ ሰው ግን በዝርዝሩ ላይ ስሙን የሚጽፈውና ለምርጫ የሚቀሰቅሰው አንድ ሰው ሲሆን ምን እንደሚሰማው ለመገመት ዘገባ አያስፈልግም። ፖስተር ያልተለጠፈበት ማስታወቂያ ነው።

ሕግ አውጪዎቹ ይህን አላዩም ማለት አይቻልም። በ2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግ፣ መኢአድ፣ ቅንጅትና ኢዴፓ የተስማሙበት የምርጫ ሥነ ምግባር ደንብ አዋጅ ሆኖ ሲወጣ የመንግሥትን ሀብት ለአንድ ፓርቲ ቅስቀሳ ማዋልን ከልክሏል። መድረክ አልፈረመም ነበር። የዚያን ዓመት ውጤት አንባቢ ያስታውሰዋል፤ ከ547 መቀመጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 545 ወሰዱ፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሁሉንም። ነፃ የአየር ሰዓት ሲደለደልም ትልቁ ድርሻ ቀድሞ በተያዘው መቀመጫ ብዛት ይሰላ ነበርና ትናንት ያሸነፈ ነገ የሚያሸንፍበትን ማስታወቂያ በነፃ ያገኛል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እንዲሉ፣ በወንበር ላይ ያለው በሥራ ላይ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1162 የቀደሙትን ሦስት ሕጎች፣ የምርጫውን፣ የፓርቲውንና የሥነ ምግባሩን፣ በአንድ ሰበሰባቸው። መሻሻል አልነበረም ብል እዋሻለሁ። ድጋፉና የአየር ሰዓቱ ሲከፋፈል የሴት ዕጩዎችና የአካል ጉዳተኛ ዕጩዎች ቁጥር እንዲቆጠር ሆነ። የስድስተኛው ምርጫ ቅስቀሳ የካቲት 8 ቀን 2013 ዓ.ም. ተከፍቶ ከድምፅ መስጫው አራት ቀን ቀደም ብሎ ተዘጋ፤ ሕዝቡም ሰኔ 14 ቀን ወጣ። (የሽግግሩ ዘመን የክልል ምርጫም በ1984 ዓ.ም. የተደረገው በዚያው በሰኔ 14 መሆኑ ልብ ይሏል።) ከንቡ ምልክት ይልቅ አምፖሉ በየግድግዳው ታየ። የአዋጁ የገንዘብ ክፍል ክብደት ግን ያው በገቢው በር ላይ ነበር።

ጣሪያ ማበጀት ብቻውን መፍትሔ ይሆናል ብዬ አላምንም። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2013 የምርጫ ዘመቻ ገንዘብ ሕግ አወጣች፤ የ2017ቱ ምርጫ ሲደርስ ምክር ቤቱ ሕጉን አዘገየው፤ የ2022ቱም ምርጫ ጣሪያው ሳይሠራ አለፈ። ጣሪያ የሚሠሩት ከጣሪያው በታች የሚኖሩት ራሳቸው ናቸውና አያስገርምም። ደግሞስ ለአርብ ገበያ ዕጩ ጣሪያ ምን ይፈይድለታል? እሱ የቸገረው ወለሉ ነው።

ይልቅ ልቤን የሳበው የሕንዶች አሠራር ነው። ሕንድም የዕጩን ወጪ ትገድባለች፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በትልልቆቹ ግዛቶች ለፓርላማ ዕጩ 9.5 ሚሊዮን ሩፒ ነው። ፓርቲው ራሱ የሚያወጣው አልተገደበም፤ ይህ ትልቅ ቀዳዳ ነው፤ ዕጩዎችም ከጣሪያው በላይ ያወጣሉ እየተባለ ይታማሉ። የምወድላቸው ግን ጣሪያውን ሳይሆን ቆጣሪውን ነው። የምርጫ አስፈጻሚው በየወረዳው የዕቃና የአገልግሎት የዋጋ ሰሌዳ ያወጣል። ወንበር በቀን ይህን ያህል፣ ድንኳን ይህን ያህል፣ ድምፅ ማጉያ ይህን ያህል፣ ሻይ ይህን ያህል። ቪዲዮ የያዙ ሠራተኞች በየስብሰባው እየተገኙ ይቀርጻሉ፤ በቀረጻው ላይ የታየው ወንበርና መኪና በሰሌዳው ዋጋ ተባዝቶ በዕጩው ስም በሌላ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ዕጩው ራሱ ያቀረበው ሒሳብ ከዚያ መዝገብ ጋር ይተያያል። በነፃ አገኘሁት፣ ወዳጄ አዋሰኝ ማለት አያወጣውም፤ ዋጋው ይታሰብበታል።

እንዲህ ያለ መዝገብ ለአርብ ገበያ ቢከፈት ምን ምን ዓምድ ያስፈልገው ይሆን እያልኩ ለራሴ በወረቀት ላይ ሞክሬዋለሁ። የመኪናው ሰሌዳ ቀለም አንድ ዓምድ፤ የመንግሥት ይሁን የግል፣ ወይም የኪራይ። ሞንታርቦው ያስጮኸበት ሰዓት። የስብሰባው መጥሪያ የተጻፈበት ምክንያትና በመጨረሻ የተነገረው ነገር። አበል የተከፈለው ሰው ቁጥርና ከፋዩ። የታረደ ካለ እሱም። በእግር ለመጣ ዕጩ ደግሞ ቆላ ወርዶ የተመለሰበት ቀን ብዛት። የመጨረሻውን ዓምድ በብር ምን ብዬ እንደምተምነው ስላላወቅሁ ቁጥሩን በቀን ተውኩት።